ለጀርመንኛ አራት አንድ ሰው ጎደለ

ልጄ ዴላ ጀርመንኛ የመረጠችው ጀርመንኛ ወዳ አይደለም። ይህን ከወዲሁ ልናገርና ይውጣልኝ። በእኛ ከተማ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ አንድ የውጭ ቋንቋ ይመርጣል፤ በዚያ ሰሞን እንቅልፍ የሚያጣው ግን ወላጁ ነው። ስፓኒሽ ይቀላል ይላሉ። ፈረንሳይኛ ለሴት ልጅ ያምራል ይላሉ። ላቲን የተማረ ሐኪም ይሆናል ይላሉ። የጥርስ ሐኪማችን ልጅ ላቲን ተምሮ ዛሬ ጎማ ይቀይራል። ጎማ ቀያሪነቱን አልነቀፍኩም፤ የእኔንም ጎማ የሚቀይርልኝ እሱ ነው፣ ግን አንድም ቀን በላቲን አልቀየረልኝም።

ሎርና ብራክ እባላለሁ። የትምህርት ቤቱን ሰባት ቁጥር አውቶቡስ እነዳለሁ። ልጆች ሹፌር ጆሮ ያለው አይመስላቸውም፤ ከኋላዬ ተቀምጠው ማን ማንን እንደሳመ፣ ማን ከማን ፈተና እንደገለበጠ፣ የማን አባት ሶፋ ላይ እንደሚያድር ይዘከዝኩታል። በዚህ አካባቢ ከቄሱ ይልቅ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ቄሱም ሲቸግረው እኔን ይጠይቃል።

ትምህርት ቤታችን ሚስተር ፔኖክ የሚባል አማካሪ አለው። ክራባቱ ላይ ዳክዬ የተሳለበት፣ እጁን ሳያጨበጭብ መናገር የማይችል ሰው ነው። ዴላንና እኔን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ "ኮሌጆች ስፓኒሽ ጠግበዋል!" አለን። "ማመልከቻ የሚያነበው ሰውዬ ቀኑን ሙሉ ስፓኒሽ፣ ስፓኒሽ፣ ስፓኒሽ ሲያይ ውሎ ጀርመንኛ ሲያጋጥመው ከእንቅልፉ ይነቃል። ግን አደራ! ከሁለት ቋንቋ ትንሽ ትንሽ መቃመስ አይረባም። አንዱን ይዞ አራቱንም ዓመት መዝለቅ ነው።"

"ምን ትያለሽ?" አልኳት።

"ሃርግሮቭ የሚያስገባኝ ከሆነ የላም ቋንቋም እማራለሁ" አለች።

ሃርግሮቭ ቨርሞንት የሚባል ሩቅ ግዛት ውስጥ ያለ ትንሽ ኮሌጅ ነው። ልጄ ገና ጥርሷን ሳትቀይር ፎቶውን ማቀዝቀዣችን በር ላይ ለጥፋዋለች፤ ከዚያ በኋላ ወተት ባወጣሁ ቁጥር ያንን የቀይ ሸክላ ሕንፃ አያለሁ። ላም አለኝ በሰማይ ነው ብዬ ብዙ ጊዜ ቀልጄባታለሁ። እሷ ግን ቀልድ አታውቅም። ከዚህ ከተማ፣ ከአይብ ፋብሪካው ሽታ፣ ሁሉም ሰው "የሎርና ልጅ" ከሚላት ቦታ መውጣት ትፈልጋለች። አልተቀየምኳትም። እኔም በእሷ ዕድሜ መውጣት እፈልግ ነበር፤ ያገኘሁት ግን አውቶቡስ ነው፣ እሱም በየቀኑ ዞሮ እዚሁ ይመልሰኛል።

እንግዲህ ጀርመንኛ ተጀመረ። የባሌ ቅድመ አያት በዚያ በመጀመሪያው ትልቅ ጦርነት ጊዜ ጀርመንኛ ተናገርክ ተብሎ በዚሁ ከተማ በአለንጋ ተገርፏል። አሁን የልጅ ልጁ የልጅ ልጅ አልተናገርሽም ተብላ ማርክ ይቀነስባታል። ዓለም እንዲህ ናት። አስተማሪዋ ፍራው ሃገን ትባላለች፣ ፍራው በጀርመንኛ ወይዘሮ ማለት ነው፤ ስሟ እንዲህ ያስፈራል እንጂ የነብራስካ ሴት ናት፣ ጀርመን አገርንም ያየችው ለጫጉላዋ ብቻ ነው። ክፍሏ የገባ ልጅ ሁሉ ስሙን በር ላይ ጥሎ የጀርመን ስም ይወስዳል። ጥሩ ጥሩዎቹን ፈጣኖቹ ስለወሰዷቸው ልጄ ብሩንሂልዴ ሆነች። ሦስት ዓመት ሙሉ የቤት ሥራዋ ላይ ብሩንሂልዴ እያነበብኩ ማን ነው ይቺን የወለዳት እል ነበር።

የመጨረሻው ዓመት ምዝገባ ሲደርስ ጉድ ፈላ። ለመንግሥት ኮሌጅ ሁለት ዓመት ቋንቋ ይበቃል፤ ስለዚህ ሦስተኛውን የጨረሱት ልጆች አብዛኞቹ "በቃን" ብለው ለቀቁ። ለጀርመንኛ አራት የተመዘገቡት ስምንት ብቻ ሆኑ። የትምህርት ቤቱ ደንብ ደግሞ ከዐሥራ አምስት በታች ከሆነ ክፍል አይከፈትም ይላል። ዴላ ወደ አውቶቡሱ ስትወጣ ፊቷ እንደ አመድ ነበር።

በማግስቱ ሚስተር ፔኖክ ቢሮ ገባሁ። ቁጭ በዪም አላለኝ፣ እኔም አልጠበቅኩትም።

"ስፓኒሽ አንድ ትጀምር" አለኝ።

"በመጨረሻው ዓመት? ከዘጠነኛ ክፍል ጨቅላዎች ጋር?"

"ሁለገብ ያደርጋታል፣ ሎርና።"

"አንዱን ይዘሽ ዝለቂ ያልካት አንተ አይደለህም እንዴ? በዚችው ወንበር ላይ!"

"ሁኔታዎች ይለዋወጣሉ" ብሎ እጁን አጨበጨበ። ደሜ ፈላ። ለፉትቦል ሜዳው ሣር ገንዘብ ሲፈለግ ሁኔታዎች ተለዋውጠው አያውቁም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። የዳክዬ ክራባቱን ይዤ እንዳልጎትተው ብዬ ወጣሁ።

ልጄ ግን እኔን አይደለችም፤ ስትናደድ ሥራ ትጀምራለች። ጠዋት ጠዋት አውቶቡሱ መተላለፊያ ላይ ቆማ፣ መቀመጫ ተደግፋ፣ ጀርመንኛን እንደ ሎተሪ ትሸጥ ጀመር። የጀርመንኛ አራት ተማሪዎች በከተማው የመኸር በዓል ላይ የቋሊማውን ድንኳን ስለሚያካሂዱ ከሐሙስ ጀምሮ ከትምህርት ይቀራሉ። ይህንን ይዛ ሁለት ሰነፎች አገኘች። አንዱ ልጅ የሚወዳት ልጅ ተመዝግባለች ሲባል ገባ። ልጅቷ ግን ገና አልተመዘገበችም ነበር፤ እሱ ገብቷል ስትባል ነው የገባችው። ሁለት መንትዮችን እናታቸው ራሷ አስገደደችልን። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ እኛም ማን ይምጣ ማን አላልንም። ዐሥራ አራት ደረሱ። አንድ ሰው ቀረ።

የቀረው ደግሞ ዌስ ቲልማን ነበር። ሦስተኛውን ዓመት ከጨረሱት መካከል ያላነጋገረችው እሱ ብቻ ነው፤ ያላነጋገረችውም ስለማትወደው ነው። ዌስ ታጋይ ነው፣ በትምህርት ቤቱ የትግል ቡድን ውስጥ ማለቴ ነው። አንገቱና ጭንቅላቱ አንድ ናቸው። ከአባቱ ጋር ላም አልቦ በቀጥታ ወደ አውቶቡስ ስለሚመጣ ክረምት ከበጋ መስኮት እንከፍትለታለን። በክፍል ስሙ ፍሪትዝ ነው፤ ጀርመንኛ ሦስትን ያለፈው ፍራው ሃገን ስለሰለቻት ነው ይባላል። ዴላን "ብሩኒ" እያለ ያበሽቃት ነበር።

"ለምን ብዬ?" አላት፣ ዓይኑን እንኳ ሳይገልጥ።

"ክፍሉ እንዲከፈት። አንተ ምን ትጎዳለህ?"

"ምንስ እጠቀማለሁ?"

"ምን ትፈልጋለህ?"

አንድ ዓይኑን ገለጠ። "ቅዳሜ የትግል ውድድር አለን። በእረፍቱ መሐል ምንጣፉ ላይ ወጥተሽ የዶሮ ጭፈራ ጨፍሪ። ክፍላችን የተሰቀለውን ባለላባ የጀርመን ባርኔጣ አድርገሽ። ብቻሽን።"

አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ። የዶሮ ጭፈራ በእኛ አገር ሠርግ ላይ፣ ሁሉም ሰው ቢራውን ከጠጣ በኋላ፣ ክርንን እንደ ክንፍ እያርገበገቡ ቂጥን እያወዛወዙ የሚጨፈር ነው። በደቦ ሲሆን ያስቃል። አንዲት የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ከተማው ሁሉ በተሰበሰበበት አዳራሽ ብቻዋን ስትጨፍረው ግን ሌላ ነገር ነው። መስታወቱ ውስጥ ዴላን አየኋት። እምቢ እንድትል ፈለግሁ፣ እሺ እንድትልም ፈለግሁ።

"እሺ" አለች።

ቅዳሜ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ሙዚቃው ሲጀምር ልጄ በነጭ ካልሲ ምንጣፉ መሐል ቆመች፤ ላባው ባርኔጣ እስከ ቅንድቧ ወርዷል። ከዚያ ሳቁ ከላይኛው መቀመጫ ተነሥቶ እየተንከባለለ ወረደ። እሷ ግን ክርኗን ታርገበግባለች፣ ጉልበቷን ታጥፋለች፣ ቂጧን ታወዛውዛለች፤ ፊቷ ቲማቲም መስሏል፣ አንድም እርምጃ ግን አልዘለለችም። ሚስተር ፔኖክ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሆኖ ስልኩን አውጥቶ ሲቀርጽ አየሁት። ያን ጊዜ አልቻልኩም። ቦርሳዬን ለባሌ ወርውሬ ወረድኩና ከጎኗ ቆምኩ።

"እማ፣ ብቻሽን ነው ያለኝ!" አለች ከጥርሷ መሐል፣ እያርገበገበች።

"እኔ ለእሱ አይደለም የምጨፍረው" አልኳት። ደግሞ ከእሷ እኔ እሻላለሁ፣ ጭፈራዬን ሰው ይመሰክራል። ዘፈኑ ሲያልቅ አዳራሹ ቆሞ ያጨበጭብ ነበር። ሰኞ ጠዋት ዌስ ተመዘገበ፣ ክፍሉም ተከፈተ።

በሚቀጥለው ዓመት የሆነውን ግን ቢነግሩኝ አላምንም ነበር። በጀርመን አገር ትግል የሚወድ መንደር አለ ለካ፤ ፍራው ሃገን ዌስን ዝም ለማሰኘት እዚያ ካለ አንድ ታጋይ ልጅ ጋር በስልክ አገናኘችው። ጠዋት በእኛ ሲነጋ በእነሱ ቀትር አልፏል። ያ ዓይኑን የማይገልጥ ልጅ አውቶቡሴ ውስጥ ተቀምጦ እንደ አበደ ሰው በጀርመንኛ ይጮህ ጀመር። ስለ ትግል ይጮሃል፣ ስለ ላም ይጮሃል። አንድ ቀን ላም ስትወልድ ስልኩን ጋጣ ውስጥ ሰቅሎ ጀርመኑን ልጅ አሳይቶታል አሉ። ዴላ መልመጃዋን አንድ ሳትስት እየሠራች አሁንም እንደ መጽሐፍ ነው የምትናገረው፤ እሱ አሥሩን ቃል ስቶ ዐሥራ አንደኛው ላይ ሰው ያስቃል።

አርብ አርብ ፍራው ሃገን ሁሉንም "ከዚህ በኋላ ምን ታደርጋላችሁ?" ብላ በጀርመንኛ ታናግራቸው ነበር። ዴላ መቼም ሃርግሮቭ ነው የምትለው። ዌስ የሚለው ስላልነበረው "እኔም ሃርግሮቭ" አለ፣ ለቀልድ። ፍራው ሃገን ደግሞ ቀልድ በማታውቅበት ቀን ደረሰባትና አስቀምጣ ማመልከቻውን አስሞላችው። ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ዴላም ስቃ ነበር።

መልሱ የመጣው ሚያዝያ ላይ፣ በረዶው ቀልጦ መንገዱ ሁሉ ጭቃ በሆነበት ሰሞን ነው። አርብ ዕለት ከሥራ ስገባ ማቀዝቀዣው በር ባዶውን ነበር። ድንቅ ድንቅ አመልካቾች ስለበዙብን ይቅርታ ብለዋታል። የመንግሥቱ ኮሌጅ ተቀብሏታል፣ ጥሩ ኮሌጅ ነው፣ ከቤታችን ብዙም አይርቅም። ይህንን በሯ ላይ ቆሜ ነገርኳት። "ሂጂልኝ እማ" አለችኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ሾርባ በሯ ላይ እያስቀመጥኩ ቀዝቅዞ አነሣሁት። እናንተ ሃርግሮቮች፣ ልጄን ሳታውቋት! አንጀቴ ነው የተቃጠለው።

ሰኞ ጠዋት አውቶቡሱ ላይ ወጣች፤ መሐል ላይ፣ መስኮት ዳር ተቀመጠች። እሁድ ባሌ ለቄሱ ስለነገረው ወሬው ቀድሟታል፤ ማንም አላናገራትም። የቲልማኖች እርሻ መታጠፊያ ስንደርስ ዌስ ወጣና እንደ ወትሮው ወደ ኋላ አልሄደም። ጎኔ ቆመ።

"ሚስስ ብራክ" አለኝ ዝቅ ብሎ። "ዴላ እንዴት ናት?"

"እንደምታያት ናት። ተቀመጥ።"

"ተቀበሉኝ።"

"እነማን?"

"ሃርግሮቭ። የሚከፍሉልኝም እነሱ ናቸው።"

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በሩን ከፍቼ ጭቃው ላይ ልወረውረው አማረኝ። ልጄ ሌት ተቀን ለፍታ፣ ይህ የበረት ሽታ! ከዚያ ደግሞ አሰብኩት፤ እዚያ ቁጭ ብሎ ማመልከቻ የሚያነበው ሰውዬ ከጀርመን ጋር ላም የሚያዋልድ ታጋይ ስንቴ ያጋጥመዋል? እኔም ብሆን እነቃለሁ። ይህ ግን ንዴቴን አላበረደውም።

"አይዞዎት ግን" አለ ቶሎ ብሎ። "አልሄድም። ላሞቹን ማን ያልባል? አባቴም አይፈቅድም።"

ዝቅ ብሎ የተናገረ መስሎት ነው እንጂ የዌስ ሹክሹክታ ሌላ ሰው ሲጮህ ነው። ዴላ ተነሥታ መጣች።

"ምን አልክ?"

"አልሄድም አልኩ። አንቺ ሳትገቢ እኔ ብገባ ነውር ነው።"

"አንተ ብትቀር ቦታህን ለእኔ የሚሰጡኝ ይመስልሃል? ለአንድ የቦስተን ጠበቃ ልጅ ነው የሚሰጡት፣ ደደብ!" ጣቷን ደረቱ ላይ ተከለች። "ስማ። ቀንቻለሁ። አሁን አንገትህን ባገኘው አንቄህ ነበር። ግን እዚህ ቀርተህ ዕድሜ ልክህን ፊቴ ላይ ላም ስታልብ ካየሁህ እብድ ነው የምሆነው!"

"አባቴን አታውቂውም።"

"እማ፣ ወደ ግቢያቸው ንጂ።"

የትምህርት ቤት አውቶቡስ ከዋናው መንገድ ወጥቶ የሰው ግቢ መግባት ክልክል ነው፤ ለዚህ ከሥራ ያግዳሉ። መሪውን ጠመዘዝኩት። ልጆቹ ጎል እንደገባ ጮኹ፤ አውቶቡሱም ጭቃውን እየረጨ እስከ በረቱ በር ድረስ ገባ።

የዌስ አባት ሬይ ቲልማን ባልዲ ይዞ ወጣ። ጉልበቱ ድረስ ቦት ጫማ፣ ጆሮው ድረስ ኮፍያ አድርጓል።

"ሎርና? ሰው ሞተ እንዴ?"

"ልጅህ ይንገርህ" አልኩት በመስኮት።

ዌስ ወረደና ነገረው። ሬይ ባልዲውን አስቀመጠ።

"ኮሌጅ? መቼ ነው ያመለከትከው?"

"በመኸር።"

"ታዲያ ምነው አልነገርከኝ?"

"እምቢ ትላለህ ብዬ።"

"ጠይቀኸኛል?"

"አልጠየቅኩህም።"

"እና በየትኛው አፌ ነው እምቢ ያልኩህ?" ሬይ ወደ እኔ ዞረ። "ትሰሚዋለሽ ሎርና? እኔ እኮ ይሄ ልጅ ሳይወለድ ሳልብ የኖርኩ ሰው ነኝ። እሱ ሲያልብማ ግማሹን ይደፋዋል፣ ግማሹን ከስልኩ ጋር ያወራል! ሂድልኝ አቦ፣ ላሞቹም ይረፉ።"

አውቶቡሱ ሳቀ። ዌስ ግን ደስ እንደማለት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ያኔ ገባኝ፤ ልጁን ያስፈራው አባቱ አልነበረም፣ መሄዱ ራሱ ነው ያስፈራው። አሁን ሰበብ አጣ። ሬይ ትከሻውን ያዘው፤ ዌስም ያንን ትልቅ ጭንቅላቱን አባቱ ኮፍያ ላይ ጣለ።

ከዚያ ሬይ፣ ምንም የማያውቅ ደግ ሰው፣ ዴላ በሩ ደረጃ ላይ ቆማ ሲያያት ፊቱ በራ።

"አንቺም አብረሽው ትሄጃለሽ አይደል? ስንት ዓመት ሙሉ ስለዚያ ቦታ ስታወሪ እኮ ነው የምንሰማው።"

ዴላ የበሩን ብረት ያዘች።

"እኔን አልተቀበሉኝም" አለች።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ ለእኔ እንኳን አላለችውም፣ ደብዳቤውን ነው የሰጠችኝ። ሬይ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ኮፍያውን አወለቀ። ልጄም እዚያው፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ ፊቷን ሳትሸፍን አለቀሰች። ስትጨፍር የሳቁባት ልጆች ናቸው የተቀመጡት፤ አንድም የሳቀ የለም።

ወደ ውስጥ ተመለሰችና ከኋላዬ ያለው የመጀመሪያው መቀመጫ ላይ ተቀመጠች። ሕፃን ሳለች ነበር እዚያ የምትቀመጠው።

"እማ፣ በጣም አመመኝ።"

"አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ።"

"እሱም ባይገባ ኖሮ ብዬ ተመኝቻለሁ። አሁንም እመኛለሁ።"

"እኔም።"

"እውነትሽን ነው?"

"ቅድም በሩን ከፍቼ ልወረውረው ነበር።"

በእንባዋና በንፍጧ መሐል ሳቀች፤ ሳቁ ግን መልሶ ለቅሶ ሆነ። ዌስ ወጥቶ አጠገቧ ቆመና መሬት መሬቱን እያየ መተላለፊያው ላይ ተቀመጠ።

ከኋላ አንዱ፣ "ሚስስ ብራክ፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አለፈን እኮ!" ብሎ ጮኸ።

"ልጄ እያለቀሰች ነው፣ ዝም በል" አልኩት።

ዝም አለ። ሞተሩን አጠፋሁትና ለቅሶዋን እስክትጨርስ ድረስ እዚያው ቆምን።